ስለ ጉበት መጠንከርና ከእርሱ ስለሚመጣው የውስጥ ደም መፍሰስ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ የጤና ትምህርት

በሰው ሰውነት ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች መካከል ተመልካችን እጅግ የሚያስደነግጠው ደም ማስመለስ ነው። ትናንት በእርሻው ላይ የዋለ ወይም በገበያ የታየ ሰው በሌሊት ተነሥቶ ጥቁር ደም በብዛት ሲያስመልስ ቤተ ሰቦቹ ይጨነቃሉ፤ ጎረቤትም ይሰበሰባል። በዚያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊደርስ ይችላል። አንደኛው፥ ምን እንደሚደረግ ባለመታወቁ ሊድን ይችል የነበረው ሰው ሰዓቱ አልፎበት ይሞታል። ሁለተኛው፥ የበሽታው ምክንያት ባለመታወቁ «መርዝ አብልተውት ነው» ወይም «መተት ተደርጎበት ነው» ተብሎ ንጹሕ ሰው ይጠረጠራል፤ በሽተኛው ከተቀበረም በኋላ ቂም በመንደሩ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ሁለቱን ጥፋቶች ለማራቅ ነው። ድንገተኛ የሚመስለው ደም መፍሰስ ብዙውን ጊዜ በጉበት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲዘጋጅ የቆየ መሆኑን፥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት የደረሰ ሰውም የመዳን ተስፋ እንዳለው የተረዳ መምህር ወይም ሽማግሌ፥ ሕይወትንም ሰላምንም ለማዳን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ጉበትና ስለ ሥራው

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች በታች ተከልሎ የሚገኝ የሰውነት ክፍል ነው። ለአካለ መጠን በደረሰ ሰው ክብደቱ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ሥራውም ብዙ ነው። ከምግብ የተገኘውን ኀይል ያከማቻል፤ ሐሞትን ያመነጫል፤ ወደ ሰውነት የገባውን ጎጂ ነገር ያከሽፋል፤ ደግሞም ደም ከቁስል ላይ ሲፈስ እንዲረጋ የሚያደርጉትን ነገሮች ይሠራል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ለዚህ ትምህርት ዋና ነገር ስለ ሆነ ልብ ሊባል ይገባል፤ ጉበቱ የታመመ ሰው አንድ ጊዜ መድማት ከጀመረ ደሙ በቀላሉ አይቆምለትምና።

ጉበት ደምን በሚቀበልበትም አኳኋን ከሌሎቹ የሰውነት ክፍሎች ይለያል። ሌሎቹ ደምን የሚቀበሉት ከልብ በሚመጣው የደም ሥር ብቻ ነው። ጉበት ግን ከዚህ ሌላ ከጨጓራ፥ ከአንጀትና ከጣፊያ የተመለሰውን ደም በአንድ ትልቅ የደም ሥር ይቀበላል። በየደቂቃው ወደ ጉበት ከሚገባው 1 ሊትር ተኩል ያህል ደም ውስጥ ከአራቱ እጅ ሦስቱ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ከምግብ የተወሰደው ሁሉ ወደ ቀረው ሰውነት ከመበተኑ አስቀድሞ በጉበት በኩል እንዲያልፍና እንዲጣራ የተሰናዳ ሥርዓት ነው። ጤነኛ ጉበት እንደ ስፖንጅ ልል ስለ ሆነ፥ ይህ ሁሉ ደም ያለ ብዙ ግፊት በውስጡ ያልፋል።

2. ጉበት እንዴት እንደሚጠነክር

የሰው እጅ በማጭድ ቢቆረጥ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳውም እንደ ቀድሞው ሥጋ ልል አይደለም፤ ይጠነክራል፥ ይኮማተራልም። ጉበትም እንደዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጎዳ ራሱን ለማደስ ይችላል። ነገር ግን ዓመት ከዓመት ሳያቋርጥ የሚጎዳው ነገር ያገኘው እንደ ሆነ፥ በጠባሳ ላይ ጠባሳ እየተደረበ በመጨረሻ ልልነቱን አጥቶ የተቋጠረና የጠነከረ ይሆናል። ይህ በሽታ በሐኪሞች ዘንድ ሲሮሲስ ይባላል። ስሙን በ1819 ያወጣለት ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ነው፤ ቃሉም የታመመውን ጉበት ቢጫ ያዘለ ቡናማ መልክ ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው።

ጉበትን ወደዚህ ሁኔታ የሚያደርሱት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ የሚባሉት በቫይረስ የሚመጡ የጉበት በሽታዎች ናቸው። በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ያለበት ሰው ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ምንም ሕመም ሳይሰማው ሊቀመጥ ይችላል፤ ጉበቱ ግን በዝግታ ይጎዳል።

ሁለተኛ፥ አረቄን ወይም ሌላ የሚያሰክር መጠጥን ለብዙ ዓመታት አብዝቶ መጠጣት ነው።

ሦስተኛ፥ በስኳር በሽታና ከልክ ባለፈ ውፍረት ምክንያት በጉበት ውስጥ የሚከማች ስብ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለ። የበሽታውን ትል በ1851 በካይሮ ከተማ ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ስለ ነበር በስሙ ተጠራ። በአገራችን በጣና ሐይቅ ዙሪያ፥ በዓድዋ አካባቢ፥ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻና በሌሎችም ብዙ ስፍራዎች የሚገኘው ዓይነት ትል የሚኖረው በአንጀት የደም ሥሮች ውስጥ ነው። ትሉ ከሚጥላቸው እንቁላሎች ከፊሎቹ በዓይነ ምድር ይወጣሉ፤ ከፊሎቹ ግን አስቀድሞ በተነገረው ትልቅ የደም ሥር ተወስደው በጉበት ውስጥ ይቀራሉ። በተቀመጡበትም ስፍራ ዙሪያ ጠባሳ ይፈጠራል። ይህ ጠባሳ በትክክል ሲሮሲስ አይባልም፤ የጉበቱ ሥጋ ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ አያቋርጥምና። ሆኖም የደሙን መተላለፊያ ስለሚያጠብ የደም መፍሰሱ አደጋ ያው ነው። መልካሙ ነገር፥ የቢልሃርዚያ ታማሚ የደም መፍሰሱ ከቆመለት ጉበቱ ገና ደኅና ስለ ሆነ የመኖር ተስፋው የበረታ መሆኑ ነው።

3. ደም መንገድ ባጣ ጊዜ

ይህን ነገር መምህሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በቀላሉ ለማሳየት ይችላል። ተማሪዎች አንድ ትንሽ የመስኖ ቦይ ይቆፍሩ፤ በጎንና በጎኑም ቀጫጭን ትልሞች ያውጡ። ከዚያ በኋላ በቦዩ ውስጥ ውኃ ያፍስሱ፤ ውኃው በዋናው ቦይ ሲሄድ ትልሞቹ ጥቂት ብቻ ይረጥባሉ። ቀጥሎ የቦዩን መውጫ በጭቃ ያጥብቡትና ውኃውን እንደ ቀድሞው ያፍስሱ። ውኃው ወደ ኋላ ይቆማል፤ ከፍ ይላል፤ ወደ ቀጫጭኖቹ ትልሞች ይገባል። እነዚያ ትልሞች ለብዙ ውኃ የተሠሩ አይደሉምና ዳርቻቸው ይሸረሸራል፤ በመጨረሻም አንዱ ይናዳል።

በሰው ሆድ ውስጥ የሚደረገውም ይኸው ነው። ዋናው ቦይ የአንጀትን ደም ወደ ጉበት የሚያመጣው የደም ሥር ነው፤ ጭቃው የጉበት ጠባሳ ነው፤ ትልሞቹም በምግብ መውረጃ ቧንቧ ታችኛው ጫፍና በጨጓራ አናት ላይ የሚገኙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ደሙ በጉበት በኩል ማለፍ ሲያቅተው በእነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ዞሮ ወደ ልብ ለመድረስ ይሞክራል። ሥሮቹም ከዕለት ወደ ዕለት ያብጣሉ፤ ሽፋናቸውም እየሳሳ ይሄዳል።

ሐኪሞች ይህን ግፊት በሜርኩሪ ሚሊሜትር ይለኩታል። ወደ ጉበት በሚገባው ደምና ከጉበት በሚወጣው ደም መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 5 ነው። 10 ሲደርስ ያበጡ የደም ሥሮች መታየት ይጀምራሉ፤ ከ12 ሲያልፍ ሊፈነዱ ይችላሉ። ሲሮሲስ ካለባቸው ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ እነዚህ ያበጡ ሥሮች ይገኙባቸዋል። ሥሮቹም ሳይፈነዱ ምንም ሕመም አይሰጡም፤ ስለዚህ ሰውዬው በውስጡ የተሸከመውን አደጋ ሳያውቅ ሥራውን ሲሠራ ይኖራል።

4. ስለ ምልክቶቹ

የጉበት መጠንከር በመጀመሪያው ዘመኑ የተሰወረ ነው። እየባሰ ሲሄድ ግን የሚታዩ ምልክቶች አሉት። ሰውነት ይከሳል፤ ሆድ ግን ውኃ ቋጥሮ ይነፋል። እግር ያብጣል። የዓይን ነጭ ቢጫ ይሆናል፤ ይህንንም ሕዝቡ የወፍ በሽታ ይለዋል። በግራ በኩል ጣፊያ ያብጣል። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው ደም ሳይፈሰው አስቀድሞ ወደ ሐኪም ቤት ሊሄድ ይገባዋል።

የውስጥ ደም መፍሰስ በሁለት ዓይነት ይገለጣል። አንደኛው ደም ማስመለስ ነው፤ ይህን ማንም ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፥ የሚያጣብቅና ብርቱ ሽታ ያለው ዓይነ ምድር ነው። ደሙ በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ሲያልፍ ስለሚጠቁር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ምልክት ደም መሆኑን ስለማያውቅ ቸል ይለዋል፤ ነገር ግን በቀይ ደም ከመደንገጥ ባልተናነሰ ሊያስደነግጥ የሚገባው ነው። እርግጥ ነው፥ ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒን ዓይነ ምድርን ያጠቁራል፤ ሆኖም ክኒኑን የማይወስድ ሰው፥ ይልቁንም ሆዱ የተነፋ ከሆነ፥ ጥቁር ዓይነ ምድር ባየ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም።

ደም የፈሰሰው ሰው ያዞረዋል፤ ሲቆም ይወድቃል፤ ላብ ያሰምጠዋል፤ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛሉ፤ የልቡ ምት ይፈጥናል። በሙሉ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ሊትር መፍሰሱ ለሞት ያበቃል።

ከደረት በሳል የሚወጣ ደም ግን ሌላ ነው። እርሱ ቀይና አረፋማ ሆኖ ከአክታ ጋር ይመጣል፤ የሳንባ በሽታ ምልክትም ነው። ከሆድ የሚወጣው ደም ብዙ ጊዜ የጠቆረና ከምግብ ጋር የተቀላቀለ ነው። ደግሞም ደም ያስመለሰ ሁሉ የጉበት በሽተኛ አይደለም፤ የጨጓራ ቁስልም ደም ያስመልሳልና። መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው፤ በመንደር ውስጥ የሚደረገው እርዳታ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

5. በዚያች ሰዓት የሚደረገውና የማይደረገው

መደረግ የሚገባው ይህ ነው። በሽተኛውን በጎኑ ማስተኛት፤ በጀርባው ቢተኛ ያስመለሰው ደም ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋልና። በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ማሞቅ። ወዲያውኑ መኪና መጥራት፤ መኪና በማይደርስበት ስፍራ ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ መሸከም። ሌሊት ነው ተብሎ ንጋትን መጠበቅ አይገባም። ጤና ጣቢያው ቅርብ ከሆነ አስቀድሞ ወደዚያ መድረስ ይጠቅማል፤ በክንዱ የደም ሥር በኩል ፈሳሽ ሰጥተው ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ያስተላልፉታልና። በሽተኛው ሲወስዳቸው የነበሩት መድኃኒቶች ካሉ አብረው ይወሰዱ። ደም ለመስጠት የሚችሉ ጤነኛ ዘመዶችም አብረው ይሂዱ።

መደረግ የማይገባው ደግሞ ይህ ነው። ለበሽተኛው የሚበላም የሚጠጣም ነገር መስጠት አይገባም። ለማስታወክ ወይም ለማስቀመጥ የሚሰጥ የሥር መድኃኒት፥ አረቄ፥ የሚያቃጥልም ነገር ሁሉ አደጋውን ያብሰዋል። ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ አስፒሪን፥ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት ደሙን ያበዛዋል። ጸሎት የሚጸልይ ቤተ ሰብ በመንገድም ላይ ሊጸልይ ይችላል፤ ጸሎት ጉዞን አያስቀርምና።

ደሙ በራሱ ያቆመ ቢመስልም ጉዞው አይቅር። አንድ ጊዜ የፈነዳ የደም ሥር፥ ካልታከመ፥ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ እንደ ገና የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ነው። «ተሻለው» ተብሎ በቤት የቀረው ሰው በሁለተኛው ጊዜ ይሞታል።

6. በሐኪም ቤት ስለሚደረገው ሕክምና

ሐኪሞች በመጀመሪያ የጎደለውን ደም ይተካሉ። ይህም በልክ ነው። ዘመዶች «ብዙ ደም ይሰጠው» ብለው ሐኪሙን ያስጨንቁታል፤ ነገር ግን ከልክ ያለፈ ደም በተዘጋው ቦይ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። በ2013 በባርሴሎና ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት፥ ከጨጓራና ከምግብ መውረጃ ቧንቧ ደም ከፈሰሳቸው ሕመምተኞች መካከል ደም በቁጥብነት የተሰጣቸው፥ አብዝተው ከተሰጣቸው ይልቅ በሕይወት መትረፋቸውን አሳይቷል።

ሁለተኛ፥ ወደ ጉበት የሚሄደውን የደም ግፊት የሚቀንስ መድኃኒትና ተሕዋስያንን የሚገድል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ሦስተኛ፥ ኢንዶስኮፒ የሚባል ጫፉ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ገብቶ የሚደማው ሥር ይፈለጋል፤ ሥሩም በትንሽ የጎማ ቀለበት ይታሰራል። የታሰረውም ሥር ደርቆ ይወድቃል። ይህን የማሰር ዘዴ በ1986 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ግሬግ ስቲግማን ነው። ሥራው በሽተኛው ሐኪም ቤት በደረሰ በ12 ሰዓት ውስጥ ቢደረግ መልካም ነው። መሣሪያው በሁሉም ሐኪም ቤት አይገኝም፤ በመንደር የባከነች እያንዳንዷ ሰዓት የምትቈጨውም ስለዚህ ነው።

ከዳነ በኋላ ደግሞ እንዳይደማ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን ይታዘዝለታል። ይህ መድኃኒት የተሠራው ለልብ በሽታ ነበር፤ በ1981 ግን ፈረንሳዊው ሐኪም ዲዲዬ ሌብሬክና ጓደኞቹ የጉበት ሕመምተኞችን ዳግመኛ ከመድማት እንደሚጠብቅ አሳወቁ። ክኒኑን ያለ ሐኪም ፈቃድ መጀመርም ማቋረጥም አይገባም።

ሕክምናው ምን ያህል እንደሚጠቅም ይህ ቍጥር ያስረዳል። በፈረንሳይ አገር በአንድ ሐኪም ቤት በ1980 በዚህ ደም መፍሰስ ምክንያት ከገቡት 100 ሕመምተኞች 43 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በ2000 የሚሞቱት 15 ያህል ብቻ ሆኑ። በሽታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕክምናው ነው። ሕክምናው ግን የሚጠቅመው የደረሰለትን ሰው ብቻ ነው።

7. አእምሮ በታወከ ጊዜ

ደም በፈሰሰው በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ሕመምተኛው አንዳንድ ጊዜ ይለወጣል። ቀኑን ይተኛል፥ ሌሊቱን ይነቃል፤ የማይገናኝ ነገር ይናገራል፤ ዘመዱን አያውቅም፤ እጁም እንደ ክንፍ ይርገበገባል። ይህን ያየ ሰው ጋኔን የያዘው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በአንጀት ውስጥ የቀረው ደም ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል ጎጂ ነገር ይወጣዋል። ጤነኛ ጉበት ይህን ያከሽፈው ነበር፤ የጠነከረው ጉበት ግን ስለማይችል ጎጂው ነገር ወደ አንጎል ይደርሳል። ሐኪም ሆድን የሚያጸዳ ላክቱሎዝ የሚባል መድኃኒት ሲሰጠው ብዙ ጊዜ አእምሮው ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሰርም መምታትም ከቶ አይገባም።

8. ስለ ጥርጣሬና ስለ ሽማግሌዎች ድርሻ

ሆዱ የተነፋ፥ ሰውነቱ የከሳ፥ በመጨረሻም ደም ያስመለሰ ሰው መርዝ የበላ ሊመስል ይችላል። ከጥቂት ቀን በፊት በድግስ ላይ ተገኝቶ እንደ ሆነ፥ ወይም ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ እንደ ሆነ፥ ጥርጣሬው ወዲያው ስም ያገኛል። ነገር ግን በዚህ ትምህርት እንደ ተገለጠው፥ የደም ሥሮቹን ያሳበጠው የጉበት ጠባሳ የተሠራው በአንድ ማታ ምግብ ሳይሆን በብዙ ዓመታት ነው። ደሙ የፈሰሰባት ሌሊት የበሽታው መጀመሪያ ሳትሆን የመጨረሻው ምዕራፍ ናት። ስለዚህ በዚያች ሳምንት ያበላውን ወይም ያጠጣውን ሰው መጠርጠር ከእውነት መራቅ ነው።

ለዚህም ነገር በአገራችን የታወቀ ምሳሌ አለ። በ2001 በትግራይ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በፀዳ እምባ መንደር ሆድን የሚነፋና ጉበትን የሚያሳብጥ፥ ብዙዎችንም የገደለ እንግዳ በሽታ ታየ። የአገር ውስጥና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት መረመሩ። በመጨረሻም ምክንያቱ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባለው መርዝ መሆኑ ተገለጠ፤ እርሱም አጌራተም ከሚባለው በእርሻ መካከል ከሚበቅል አረም ወደ እህሉ የገባ ነበር። መርዙ ከጉበት ደም የሚወጣባቸውን ቀጫጭን ሥሮች ይዘጋል። እነሆ፥ በዚህ ስፍራ በእውነት መርዝ ነበረ፤ ነገር ግን የሰጠው ጠላት አልነበረም። በቀል ቢፈለግ ኖሮ ንጹሕ ሰው ይጎዳ ነበር፤ አረሙም በእህሉ ውስጥ እንደ ነበረ ይቀር ነበር። እውነተኛውን ምክንያት መፈለግ ግን እህልን የማንጠርጠርና የመልቀምን ጥቅም አሳወቀ።

ስለዚህ በመንደሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞት በደረሰ ጊዜ የአገር ሽማግሌዎች ሁለት ነገር ሊያደርጉ ይገባቸዋል። አንደኛ፥ ክስና ስም ማጥፋት ከመነሣቱ አስቀድሞ ለሐዘንተኞች የበሽታውን ጠባይ በርኅራኄ ቃል ማስረዳት ነው። ሁለተኛ፥ የሟቹ ባለቤት፥ ልጆችና ወንድሞች ደማቸውን እንዲያስመረምሩ መምከር ነው፤ ምክንያቱ ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ በቤተ ሰቡ ውስጥ ሌላም ታማሚ ሊኖር ይችላልና። ደግሞም «ጠጪ ስለ ነበረ ነው» ብሎ ሟችን መንቀፍ ትክክል አይደለም፤ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ብዙዎች በዚህ በሽታ ይያዛሉ።

9. ስለ መከላከያው

ሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው። በኢትዮጵያ ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር ተደርቦ፥ በተወለዱ በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ሦስቱን ሳያጓድሉ ማስከተብ ይገባል። በሽታው በደም፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ እንጥል ለመቍረጥ፥ ለግርዛት፥ ለንቅሳት ወይም ለዋግምት አንዱን ምላጭ ለብዙ ሰው መጠቀም እጅግ አደገኛ ነው። በአንድ ማዕድ በመብላትና እጅ ለእጅ በመጨባበጥ ግን አይተላለፍምና ሕመምተኛውን ከማዕድ መለየት አያስፈልግም። ሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፤ ነገር ግን ለጥቂት ወራት በሚዋጥ ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ ይድናል።

ቢልሃርዚያን ለመከላከል በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፥ በወንዝና በሐይቅ ዳር አለመጸዳዳት፥ ልጆችም በሽታው ባለበት ውኃ እንዳይዋኙ መከልከል ይገባል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድር ወደ ውኃ ሲገባ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ትሉን ይገድለዋል፤ በትምህርት ቤት ሲታደል ሁሉም ልጅ ሊውጠው ይገባል። ስመ ጥሩው የኢትዮጵያ ሊቅ አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አይቶ፥ እንዶድ የበሽታውን አስተላላፊ እንደሚገድል አስታወቀ፤ በ1989ም ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የዓለም ሽልማት ተቀበለ። መምህሩ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ይንገራቸው፤ ታላቅ እውቀት በወንዝ ዳር የሚታየውን ነገር ልብ ከማለት ሊጀምር እንደሚችል ይማሩበታልና።

ጉበቱ መጠንከሩ የታወቀ ሰው ደግሞ የሚያሰክር መጠጥ ፈጽሞ ይተው፤ ጨው ይቀንስ፤ ያልታዘዘለትን ክኒንና የሥር መድኃኒት አይውሰድ፤ ያበጠ የደም ሥር ቢኖርበት ሳይፈነዳ እንዲታይ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሥሩ ሳይፈነዳ የተገኘለት ሰው በክኒን ወይም በማሰር አደጋውን ሊያመልጥ ይችላል።

ለተማሪዎችና ለጉባኤ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ጉበት የአንጀትን ደም የሚቀበለው በምን መንገድ ነው?
2. በቦዩ ምሳሌ ውስጥ ጭቃው ምንን ያመለክታል? ትልሞቹስ?
3. ጥቁር ዓይነ ምድር የደም ምልክት የሚሆነው ለምንድን ነው?
4. ደም ያስመለሰ ሰው በጎኑ መተኛት የሚገባው ለምንድን ነው? ደሙ ከቆመ በኋላስ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ለምን ያስፈልገዋል?
5. በፀዳ እምባ መንደር የበሽታው ምክንያት ምን ነበር? ከዚህስ ምን ትምህርት ይገኛል?
6. ከዚህ መንደር እስከ ጤና ጣቢያው፥ ከጤና ጣቢያውም እስከ ትልቁ ሐኪም ቤት ስንት ሰዓት ይወስዳል? በሌሊት መኪና የሚገኘው ከወዴት ነው? ቃሬዛውስ በማን ቤት ይቀመጣል?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሽማግሌዎች በጉባኤ ተመካክረው፥ አደጋ ሳይደርስ አስቀድመው መልሱን ይቍረጡ።